ቬኒስን ለልጆቻችን ስናሳይ መተማን እንንገራቸው



የአውሮፓ በጋ በገባ ቁጥር በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ለሁለትና ለሦስት ቀን ወደ ጥንታዊ ከተሞች ብቅ ማለትን ልማድ አድርገውታል። በውኃ ላይ የተሠራችው ቬኒስ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ናት። ልጆቹ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፤ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ወላጆች የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ሰምተው ይደነግጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወደየሥራውና ወደየትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ይህ ነውር የለበትም። የሰው ልጅ የሠራውን መልካም ነገር ማየት አእምሮን ያሰፋልና።

የዚህ ጸሐፊ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጆቹ ከዚያች ከተማ ምን ይዘው ይመለሳሉ? «ይህ ሁሉ የሌሎች ሥራ ነው፤ እኛ ዘግይተን የደረስን ተመልካቾች ነን» የሚል ስሜት ይዘው የሚመለሱ ከሆነ ጉዞው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እውነቱ እንዲህ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገብተው ነበር። መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የተባለ የፍሎሬንስ ሰው ሲሆን፣ ካቀረቡት ገጸ በረከት መካከል በሕይወት ያሉ ነብሮች ይገኙበታል። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ ዝነኛውን የዓለም ካርታውን ሲሠራ፣ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከዚያው አገር ከመጡ ካህናት መሆኑን፣ አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹንና ወንዞቹንም በገዛ እጃቸው እንደ ሣሉለት በካርታው ላይ መዝግቧል። አባይ በዚያ ካርታ ላይ በስሙ ተጽፎ ይታያል። ካርታው ዛሬም በቬኒስ የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ሀብት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖሮ፣ አብያተ ክርስቲያናትን በሥዕል አስጊጧል። እንግዲህ መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነበረው ማለት ነው። የእነርሱ ሰው ወደ እኛ ለሥራ ይመጣ ነበር፤ የእኛም ሰው ወደ እነርሱ በመልእክተኛነትና በመምህርነት ይሄድ ነበር።

የዛሬው ኢትዮጵያዊ ወጣት ወደዚያው ባሕር የሚጓዘው በምን ሁኔታ ነው? መልሱ ያለው መተማ ላይ ነው።

መተማ ከጎንደር ደጋ በስተምዕራብ፣ ሙቀቱ ከሚያነድበት ቆላ፣ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር አንድ ወራጅ ውኃ ብቻ የሚለያት የድንበር ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በዚያ ይሸጣል፤ ጨርቃ ጨርቁ በዚያ ይገባል። አንደብቀውና የሰው ልጅም በዚያ ገበያ ይሸጥ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የመጡ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ከተማዪቱን ሠፍረውባት፣ ሼኮቻቸው ለግብጽም ለኢትዮጵያም እየገበሩ በሁለት ኃይላት መካከል ንግዱን ያቆዩት ነበር።

ያን ገበያ ጦርነት በላው። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል ዐፄ ዮሐንስ በድርቡሾች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሲስማሙ የድርቡሽ ጠላትነት አብሮ መጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማው ጦርነት በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዪቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ መተማ በሕሊናችን ውስጥ የደም ቦታ ሆና ቀረች፤ ገበያ እንደ ነበረች ግን ተረሳ።

የመውጫ በርነቷም ከዚያው ጋር ተያይዞ መጣ። በቀይ ሽብር ዘመን ከሞት ያመለጡ ወጣቶች በዚህ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን ነጎዱ፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የዚያ ጉዞ ባለታሪኮች እንዳሉ አልጠራጠርም። በ1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር መንደሮች በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወርዱ በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል። ከዚያም ወዲህ ደላላ የሚመራቸው ወጣቶች በመተማ ወጥተው በሱዳን አቋርጠው ወደ ሊቢያ ሄደዋል። መንገዱ የት እንደሚያደርስ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱት ወገኖቻችን አስተምረውናል።

ባሕሩን የተሻገረውስ ምን ያገኛል? እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አንድ የ22 ዓመት ጋምቢያዊ ስደተኛ በቬኒስ ታላቁ ቦይ ሰጥሞ ሲሞት፣ በዳር የቆሙ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹት ነበር። የኢትዮጵያ መልእክተኞች በክብር በገቡባት ከተማ፣ ስድስት መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ አፍሪካዊ እንዲህ ሞተ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቬኒስ በተመረጡ ቀናት ውላ ከምትመለስ እንግዳ 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም ነበር። ፓስፖርት ለያዘው ልጃችን በሩ እንዲህ ነው። በመተማ ለወጣው የአጎቱ ልጅ ግን ዋጋው ቤተሰብ የሸጠው በሬ፣ ከአጋች ጋር የሚደረግ ድርድር፣ ሲከፋም ሕይወት ነው።

አንዱ በር ታላቅ ከተማ፣ ሌላው የመከራ ደጅ የሆነው ለምንድን ነው? «ፈጣሪ ለእነርሱ አድልቶ» የሚል ካለ ቬኒስን አላወቃትም። እርሻ በሌለበት ጭቃ ላይ እንጨት እየተከሉ ሠሯት። ቅዱሳንም አልነበሩም፤ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን አራት የነሐስ ፈረሶች በ1204 እ.ኤ.አ. ከቁስጥንጥንያ ዘርፈው ያመጧቸው ናቸው። በባሪያ ንግድም እጃቸው ነበረበት። የተለዩበት ነገር ግን ነጋዴው በሰላም እንዲገባና እንዲወጣ፣ ውሉም እንዲከበር ማድረግ የመንግሥታቸው ዋና ሥራ መሆኑን ማወቃቸው ነው። መተማ በአንጻሩ ጥቁር አፈር፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ፣ ከፊቷም የገዳሪፍ ገበያ አላት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ያጣችው የተፈጥሮን ጸጋ አይደለም፤ ያጣችው መንገደኛውን እንደ ዜጋ የሚያይ መንግሥት ነው። በየዘመኑ የመጣው ሹም ወደዚያ ምድር የወረደው ጠመንጃና የቀረጥ ደረሰኝ ይዞ ነው።

የቅርቡም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የብዙ አገር ዜጎች በመተማ በር ወደ እኛ ተሰደዱ። በር ስትዘጋ የኖረች አገር በር ከፋች ለመሆን ዕድል አገኘች። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ከጎንደር መተማ የሚወስደው መንገድም የእገታ መንገድ ሆነ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ሱዳናውያን ዝርፊያና ጥቃት ስላስመረራቸው በ2016 ዓ.ም. መጠለያውን ጥለው በዱር ዳር ሰፈሩ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣን እንግዳ ማስጠለል ያቃተው አገር ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ ሊመጻደቅ አይገባውም።

«ታዲያ ልጆቻችንን ወደ መተማ እንውሰዳቸው ትላለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። መንገደኛ በሚታገትበት መንገድ ልጅ ይዞ መሄድ እብደት ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ አንድ ጎንደሬ ቤተሰብ ለሁለት ቀን ወደ መተማ ወርዶ፣ ንጉሡ የወደቁበትን ምድር ለልጆቹ አሳይቶ፣ በሰላም መመለስ የሚችልበት ቀን የመንግሥትና የታጣቂ ሁሉ መመዘኛ ሊሆን ይገባል። ቤተ መንግሥት ያለውም፣ ጫካ ያለውም፣ ሁለቱም «ለሕዝብ ነው» ይሉናል። እንግዲያውስ ከሁሉ አስቀድመው መንገዱን ለሕዝብ ይተዉለት። የገበሬው ሰሊጥ፣ የታመመው ሰው አምቡላንስና የስደተኛው እህል የሚያልፉበት መንገድ የማንም የጦር ምሽግ መሆን የለበትም።

በውጭ ያለነውም ድርሻ አለን። ቬኒስ የደረሰ ቤተሰብ ከጀልባው ሲወርድ ግማሽ ሰዓት ወስዶ በዚያ ካርታ ላይ አባይን ለልጁ ያሳየው። ካህናቱ በእጃቸው እንደ ሣሉት ይንገረው። ቀጥሎም መተማ የምትባል የአገሩ በር እንዳለች፣ በዚያ በር የአገሩ ልጆች ዛሬ እንዴት እንደሚወጡ ሳይሸሽግ ያስረዳው። አንደኛው ብቻ ከተነገረው ልጁ ኩራተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛው ብቻ ከተነገረው አንገቱን ይደፋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ግን መጠየቅ ይጀምራል። መንግሥትንም፣ ታጣቂንም፣ እኛን ወላጆቹንም።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 175,000 ያህል ሰው ይኖርባት የነበረችው ጥንታዊቷ ቬኒስ ዛሬ ነዋሪዋ ከ50,000 በታች ወርዷል፤ ከተማ አላት፣ ሰው እየጠፋባት ነው። መተማ ግን ሰው አላት፤ ከተማ የሚሆንላት ሰላም ነው ያጣችው። ከሁለቱ ችግሮች በእጃችን ያለው የእኛው ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።