ተራራ መውጣት ገንዘብ ይከፈልበታል እንዴ?

ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

በመጪው ፌብሩዋሪ ከጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ታንዛኒያ ሄደን ኪሊማንጃሮን ልንወጣ አስበናል። ዓላማችን ለስኳር በሽታ ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ይህን ለታላቅ እህቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ ጎንደር ተራራ ለተራራ ስንሄድ ማን ከፈለን? ሱዳንስ ድረስ በእግራችን ስንጓዝ? ተራራ መውጣት ገንዘብ ይከፈልበታል እንዴ?» አለችኝ።

እትዬ ብትናገር ያምርባታል። በ1984 ወደ ሱዳን ስንወጣ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ትንሹን ወንድማችንን አዝላ ሌሊት ሌሊት የተጓዘች ናት። ዛሬ ግን ስኳር ኩላሊቷን ጎድቶባት በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ትሄዳለች፤ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽኑ አጠገብ ትውላለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ተቀምጣ እያረፈች ነው የምትደርሰው። ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠች ሴት ደረጃ ሲያሸንፋት ማየት ለእኔ ቀላል አይደለም።

እኔም ከስድስት ዓመት ወዲህ ስኳር አለብኝ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን? ወደ እስራኤል ስንመጣ ይህ በሽታ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም ነበር። እዚህ ከኖርን በኋላ ግን በጣም በዛ። ምግቡ ተለወጠ፣ ለስላሳው በዛ፣ እግራችን ከመሄድ አረፈ። ደግሞ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» የሚል አይዘናጋ፤ ከእኛ ሰዎች ቀጭኑንም ይይዘዋል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን፣ ኩላሊትንና ዓይንንስ ከጉዳት እንዴት ማዳን እንደሚቻል መመራመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ ልመለስ። መጀመሪያ የሄድኩት ኩፓት ሆሊም ነው። ልቤን፣ ዓይኔን፣ ኩላሊቴንና እግሬን ሳልመረመር አንድ ደረጃም አልወጣሁም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ጣት ለጣት አያለሁ። ከሐኪሟ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ የመረጥኩት የልምምድ ቦታ የእትዬ ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ቀን አራት ፎቅ ወጥቼ አነከነከኝ። አሁን አሥር ጊዜ እመላለሳለሁ። በጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ የጤፍ ዱቄት እጨምራለሁ፤ በሦስት ኪሎ ጀምሬ ሰባት ደርሻለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ በኢየሩሳሌም ተራሮች አራትና አምስት ሰዓት እሄዳለሁ። ከመውጣቱ ይልቅ ጉልበት የሚጎዳው መውረዱ እንደሆነ የተማርኩትም እዚያ ነው።

«የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» ብዬ ነበር። ሐኪሟ ሳቀች። ሰውነት ከፍታን ቶሎ ይረሳል፤ እኔ ደግሞ 40 ዓመት ቆላ ተቀምጫለሁ። እዚህ ያለን ከፍተኛ ቦታ ሄርሞን ሲሆን ከ2,200 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸንም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይበልጣል። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ጉራ አይሠራም። አንዱ ባልደረባዬ ኢንሱሊን ይወጋል። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ስለሚበላሽ፣ ከልብሱ ሥር ከገላው ጋር አድርጎ ይይዘዋል።

የተራራው መሪዎች ሰውን ሁሉ «ፖሌ ፖሌ» ይሉታል አሉ፤ በስዋሂሊ «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ነው። ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። በስግድ ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ኦሪቱ ከፊት ተይዞ ተራራ ሲወጣ፣ እኛ ልጆች እንሮጥ ነበር። አባቴ ግን አሮጊቶቹን እየጠበቁ ቆም ይሉና «ተራራው የትም አይሄድብንም» ይሉን ነበር።

እትዬ ግን በዚህ አልተረታችም። «ደማችንን የደፉትን ረሳህ?» አለችኝ። አልረሳሁም። የሰጠነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በ1996 ሲሰማ፣ በሺዎች ሆነን ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተናል፤ እኔም ነበርኩ። ያ ቁስል በአንድ ይቅርታ አይሽርም። «ለሐኪሞች ጥናት እኛ ምን አገባን?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልቆጣውም።

ግን እንዲህ አልኳት። በጥናቱ ውስጥ እኛ ከሌለን መድኃኒቱ የሚፈተነው በሌላ ሰው ገላ ነው፤ ለእኛ ይስማማ አይስማማ ማን ያውቃል? መራቃችን የጎዳነው ራሳችንን ነው። መጠየቅ ግን መብታችን ነው። በዚህ አገር ሆስፒታል ውስጥ በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሄልሲንኪ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው ጠይቁ። ከፈረማችሁም በኋላ በፈለጋችሁ ጊዜ መተው ትችላላችሁ፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናችሁ አይቋረጥም።

ገንዘብ ስትሰጡም እንደዚሁ ጠይቁ። ማኅበሩ የተመዘገበ ነው? የ«ኒሁል ታኪን» ማረጋገጫ አለው? ለግብር ቅናሽ የሚያገለግል የአንቀጽ 46 ደረሰኝ ይሰጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የእናንተ ገንዘብ የተራራ ወጪውን ሰው ቲኬት ሊከፍል ነው ወይስ ምርምሩ ጋ ሊደርስ? እኛ ቲኬታችንንም መሪዎቹንም ከኪሳችን ነው የምንከፍለው። ይህን በግልጽ የማይነግራችሁ ሰው ከመጣ፣ እኔም ብሆን፣ አትስጡት።

ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ጨርሼ ላቤን ስጠርግ እትዬ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ከመሶቡ ሥር 50 ሼቄል አውጥታ ሰጠችኝ። «ደረሰኙን አምጣ» አለች። «ደግሞ ሐኪሞቹ ምን እንዳገኙበት በየዓመቱ እዚህ ተቀምጠህ በአማርኛ ታነብልኛለህ። እንደ በፊቱ ወስደው ዝም እንዳይሉን።»

እሺ ብያታለሁ። እስከዚያው እናንተ የሚቀጥለው እትም ሳይደርሳችሁ ስኳራችሁን ተለኩ፤ እናታችሁንና አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ጤፍ ተሸክሞ ደረጃ የሚመላለስ ሰውዬ ካያችሁ ደግሞ ሌባ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ነኝ።

ጤና ይስጥልን፤ ሰንበት ሰላም።