የባቄላው ሳምንት

እሑድ ማታ የልጃችሁን ቦርሳ ከፍታችሁ ኮሙኒኬሽን ቡኩን ስታነቡ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ ደንግጫለሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ገጹ እንዲህ ይላል፦ ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና። ረቡዕ ብሔራዊ ሙዚየም ጉብኝት፣ የፈቃድ ወረቀቱ ተፈርሞ ይላክ። ሐሙስ የንባብ ቀን፣ እያንዳንዱ ተማሪ ያነበበውን ተረት ለክፍሉ ይናገራል። ዓርብ የባህል ልብስ፤ ከሰዓት በኋላ ወላጆች ክፍል ድረስ መጥተው የልጆቹን ሥራ ያያሉ። ከሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ባቄላው ዓርብ እንዳይረሳ» ተብሏል።

ባቄላው የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። ሙከራውን ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ይደረጋል፤ ባቄላው ከውጭ እንዲታይ በጥጡና በብርጭቆው መካከል ይቀመጣል። ልጁ በየቀኑ ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ወጪ የለውም፤ ከወላጅም የሚፈለግ ነገር የለም። የእኔም ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ልጄ ባቄላውን ወደደችው። ስለወደደችውም ጠዋት ስትነሣ ውሃ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ፣ ልትተኛ ስትል ውሃ። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቼ ወደ መስኮቱ ስጠጋ ጥጡ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ባቄላው ጠቁሮ ሸቷል። እሷ ለሒሳብ ፈተናው ስትዘጋጅ አምሽታ፣ ተፈትናም ደክማ፣ በጊዜ ተኝታለች።

ጾሙ ገብቶ ስለነበር ወጥ ቤት ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ጉንቁል ነበረኝ። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ከጎነቆሉት መካከል አንዱን፣ ነጭ ጭራውን ደህና አድርጎ ያወጣውን፣ መርጬ የበሰበሰውን ጣልኩ። ጥጡንም ለወጥኩ። ዓርብ ከጓደኞቿ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፤ ዓርብ ለጉብኝት የምሄደው እኔ መሆኔን ግን አልረሳሁትም።

በዚህ ነገር ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ጣቶቼን በሱፐር ግሉ እያጣበቅኩ ሥርዓተ ፀሐይን በካርቶን ሠርቼ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቻለሁ። አዎ፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ፕሮጀክት ሲታዘዝ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሄዳ ታሠራለች። ልጆቹ ተሸክመው ይገባሉ፣ ተሸክመው ይወጣሉ።

ረቡዕ ልጄ ከጉብኝቱ የተመለሰችው ጫማዋን ሳታወልቅ እያወራች ነው። ድንቅነሽን አይታለች። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ በቃሏ ይዛዋለች። ከሁሉ የገረማት ግን ቁመቷ ነው። አዋቂ ሆና እንኳ ወደ 1 ሜትር ከ10 ብትሆን ነው፤ ልጄ ትበልጣታለች። ከዚያ ወተቷን እየጠጣች «ማሚ፣ መስታወት ውስጥ ያለችው ግን እውነተኛዋ አይደለችም፤ ቅጂ ናት። ዋናዋን ለጥንቃቄ ሌላ ቦታ ነው ያስቀመጧት» አለችኝ።

«ታዲያ አልተናደድሽም?» አልኳት።

«ለምን እናደዳለሁ? ነግረውናል እኮ።»

ወደ መስኮቱ ላለማየት ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ሐሙስ የጦጣንና የአንበሳን ተረት ተናግራ እንደተጨበጨበላት በስልክ ሰማሁ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ክፍሉ የሐበሻ ቀሚስ፣ የዶርዜ ልብስ፣ የሐረር ቀሚስ ለብሰው በሚተራመሱ ልጆች ተሞልቷል። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ፊት ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል። የእኛን ፈልጌ አነበብኩ።

«ሐሙስ፦ ባቄላዬ ጥጥ ላይ ተኛ። ዓርብ፦ ወፈረ። ቅዳሜ፦ ቆዳው ተሸበሸበ። እሑድ፦ ምንም። ሰኞ፦ ጠቆረ። ማክሰኞ፦ ሸተተ፣ አዘንኩ። ረቡዕ፦ ባቄላዬ ሌላ ባቄላ ሆነ። ሐሙስ፦ ሌላው ባቄላ አደገ።»

አጠገቤ የቆመ አንድ አባት አንብቦ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

መምህሯ ያማሩትን ብርጭቆዎች ታሳየናለች ብዬ ስጠብቅ «ባቄላቸው ያልበቀለ ልጆች መጀመሪያ ይምጡ» አለች። ሰባት ልጆች ወጡ። አንዱ «ቤታችን ይሞቃል» ብሎ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦት ኖሮ ንቅንቅ አላለም። አንዷ ውሃ ማጠጣቱን ረስታዋለች። ሌሎቹ አብዝተው ያጠጡ ናቸው። መምህሯ በየተራ እየጠየቀች ከራሳቸው አፍ አወጣችው፤ ዘር ለመብቀል እርጥበትም፣ ሙቀትም፣ አየርም ይፈልጋል፤ በውሃ ከተዋጠ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቁም ሣጥን ውስጥ የደበቀው ልጅ ባቄላ ደግሞ ሐመልማሉን አጥቶ፣ ነጥቶና ቀጥኖ ረዝሟል። ለመብቀል ብርሃን የግድ እንደማያስፈልግ፣ ከበቀለ በኋላ ግን ያለ ብርሃን እንደማይጠነክር ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ብርጭቆ ተማረ። በደንብ ስለበቀሉት ባቄላዎች ግን ከ«ጎበዝ» በቀር ብዙም የሚባል አልተገኘም።

ልጄ ከሰባቱ አንዷ ነበረች። ለምለሙን ብርጭቆ ከፍ አድርጋ «ይህ የእኔ አይደለም። የእኔ በስብሷል። ውሃ ስላበዛሁበት ነው» አለች። ወደ እኔ አላየችም። መምህሯም «ይህኛውስ የማነው?» ብላ አልጠየቀችም፤ ዕድሜ ይስጣት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ጊዜ አገኘሁ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። የጉንቁሉ ጨርቅ ተገልጦ ነበር።» ትንሽ ቆየችና «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

ከጓደኞችሽ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልነካብሽም» አልኳት። እሷም ቀሚሷ እንዳይጨማደድ እያስተካከለች፣ የሚቀጥለውን ስትተክል ውሃውን በማንኪያ ለክታ እንደምታጠጣ ነገረችኝ።

እንግዲህ የእናንተም ኮሙኒኬሽን ቡክ እንዲህ ባለ ሳምንት ሲሞላ የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሙ፣ የባህል ልብሱን ከዋዜማው ተኩሱ፣ ተረቱን ሲለማመዱ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ይህ ራሱ አንድ ሰው ያደክማል። ማታ ደግሞ «ስንት አገኘሽ?» ከማለት በፊት «ዛሬ ምን አየሽ?» በሉ። የበሰበሰም ከሆነ ይንገሯችሁ።

ቅዳሜ የቀረውን ጉንቁል ቀቅለን በላነው። ልጄ አንዱን ለይታ ሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጠች። «ይኼ ለብርጭቆ ነው?» አልኳት። «አይ፣ ጠግቤ ነው» አለች። ለብርጭቆው ያልጎነቆለ ደረቅ ባቄላ ራሷ መርጣ ኖሯል።