የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ለምን አይገኙም? ስለ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻዎች አደረጃጀት የቀረበ አስተያየት

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎቻቸውን አስጠርዘው ለትምህርት ክፍላቸውና ለቤተ መጻሕፍት ያስረክባሉ። ከጥራዙ ጋር በሲዲ ወይም በፍላሽ የተቀዳ ፒዲኤፍ ይቀርባል፤ እርሱም ተራው ሲደርስ በተቋሙ ዲጂታል ማከማቻ ላይ ይጫናል። ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ማን እንዳገኘው፣ ጨርሶ ሊገኝ ይችል እንደሆነም የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በማከማቻ ውስጥ መቀመጥና መገኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው፣ ሁለተኛውም የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የተመራማሪው፣ የአማካሪውና የቤተ መጻሕፍቱ የጋራ ኀላፊነት መሆኑ ነው።

በብዙ የጥናት ንድፎች ውስጥ «በዚህ ርእሰ ጉዳይ ላይ ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥናት የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይነበባል። የዐረፍተ ነገሩ ትክክለኛ ትርጉም ብዙ ጊዜ «ፈልጌ አላገኘሁም» ነው። ቀዳሚው ጥናት ሳይገኝ ሲቀር ያንኑ ወረዳ፣ ያንኑ መጠይቅ፣ አንዳንዴም እነዚያኑ ገበሬዎች ይዞ ሌላ ተማሪ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ የገንዘብና የጊዜ ብክነት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የከፋም አለ። በሥነ ቃል፣ በአካባቢ ታሪክ፣ በባህላዊ ሕክምናና በመሰል መስኮች በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ቦታ አይታተሙም። ቃላቸውን የሰጡት አዛውንቶች ሲያልፉ ያ ጽሑፍ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በማከማቻው ውስጥ እያለ ፈላጊው ካላገኘው ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል።

ድረ ገጽን ለፍለጋ ሞተር ማመቻቸት ሲባል የብዙ ምሁራን አእምሮ ወደ ነጋዴ ብልጠት ያመራል፤ ቁልፍ ቃላትን ያለ ቦታቸው መደርደር፣ አገናኝ በገንዘብ መግዛት፣ አንባቢን በርእስ ማታለል። ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ሆኖም ለዩኒቨርሲቲ ማከማቻ አይሠራም። ጉግል ከአንባቢ ዐይን ተሰውሮ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ምልክት ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ አስታውቋል። የሚጠቅመው ለአንባቢው በግልጽ የተጻፈው ነው። እንዲህ ሲታይ ሥራው የሚመሳሰለው ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ጋር እንጂ ከማስታወቂያ ጋር አይደለም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቁጥራቸው የሚጠቀሱት ፎቶ ስለተነሡ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና የሥራ ባልደረቦቻቸው የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት እያነበቡ፣ እየለዩና እየመዘገቡ ካታሎግ ስላዘጋጁላቸው ነው። ፊልሙ ያለ ካታሎጉ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ነበር። ዲጂታል ማከማቻም ያለ ገላጭ መረጃ ከዚያ አይሻልም።

የፍለጋ ሞተር ሥራ ሦስት እርከን አለው። ቃኚው ፕሮግራም ከአገናኝ ወደ አገናኝ እየተሻገረ ገጾችን ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን አንብቦ በማውጫ ያሰፍራል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ከማውጫው መርጦ በቅደም ተከተል ያቀርባል። በውይይታችን ስለ ሦስተኛው እርከን፣ ማለትም ስለ ደረጃ ብዙ ይነገራል፤ የእኛ ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። በመፈለጊያ ሣጥን ብቻ የሚደረስበት ጽሑፍ ለቃኚው የተዘጋ ነው፤ ቃኚው አገናኝ ይከተላል እንጂ እንደ ሰው ቃል እየገመተ ሣጥን አይሞላም። ጉግል ስኮላር ለማከማቻዎች ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመነሻ ገጹ ቢበዛ በአሥር ቀላል አገናኞች እንዲደረስበት፣ አኅጽሮተ ጥናቱ ያለ ምዝገባና ያለ ይለፍ ቃል እንዲታይ፣ ፒዲኤፉ ፊደሉ ሊነበብ የሚችልና ከ5 ሜጋባይት ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። እንዲሁም የጽሑፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የቀረበበትን ቀንና የፒዲኤፉን አድራሻ ለይተው የሚናገሩ ምልክቶች በገጹ ኮድ ውስጥ እንዲኖሩ ይመክራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲና ኤችፒ በጋራ ያወጡት፣ እነዚህን ምልክቶች ራሱ ሊያመነጭ ይችላል። የሚያመነጨው ግን ከተሞላለት ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ርእሱ ተቆርጦ፣ አኅጽሮተ ጥናቱ ተዘልሎ ከተሞላ ሶፍትዌሩ ያንኑ ጉድለት በታማኝነት ለዓለም ያሰራጫል።

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ነው። ለእኛ የተለየው ችግር ከፊደላችንና ከቋንቋችን ጠባይ የሚነሣው ሲሆን፣ የውጭ መመሪያዎችም ስለዚህ ምንም አይሉም።

መጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት ፊደላት ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» ሁለት፣ «ሴ»ም ሁለት አማራጭ አለው፤ ስሙ ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል። ስድስት በሁለት በሁለት በሁለት ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል፤ ለሰው ጆሮ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። «ፀሐይ» በተመሳሳይ ስሌት 12 መልክ ይኖረዋል። ዩኒኮድ እነዚህን ፊደላት እንደ ተለያዩ ይቆጥራቸዋል፤ የዩኒኮድ መደበኛ የማዋሐጃ ሥርዐትም አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያስተያይ የፍለጋ ሥርዐት «ዐፄ» ብሎ ለጻፈ ተመራማሪ «አጼ» ብሎ የጻፈውን ተማሪ ሥራ አያሳየውም።

አንዳንዶች መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን መቀነስ ነው ይላሉ። ክርክሩ ረጅም ዕድሜ ያለውና ከእኛም በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ እዚህ ላይ ልፈታው አልሞክርም፤ ለተያዘው ጉዳይም መፈታቱ አያስፈልግም። በዲስፔስ ውስጥ ፍለጋውን የሚያከናውነው ሶልር የተባለ ሶፍትዌር ነው። ሶልር በማውጫ ሲያሰፍርም ሆነ ጥያቄ ሲቀበል አንዱን ፊደል በሌላው እየተካ እንዲያነብ የሚያደርግ የመተኪያ ሠንጠረዥ ይቀበላል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዝርያቸው፤ ሠንጠረዡ አንድ ገጽ የሚሞላ አይደለም። የሚለወጠው ማውጫው ብቻ ነው፤ ደራሲው የጻፈው እንደተጻፈ ለአንባቢ ይታያል። የጉግልን ማውጫ ግን ልንነካው አንችልም። ለዚያ የሚሆነው ከዋናው ርእስ ሥር በሚታይ ቦታ «አማራጭ ርእስ» በሚል ሌላውን የተለመደ አጻጻፍና በላቲን ፊደል የተጻፈውን መልክ መጨመር ነው፤ ዲስፔስ ለዚህ የተዘጋጀ መስክ አለው። ከውጭ ሀገር የሚፈልግ ተመራማሪም በላቲን ፊደል መፈለጉ አይቀርምና ትርፉ እጥፍ ነው።

ሁለተኛው የቃላት እርባታ ነው። በአማርኛ መስተዋድድ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። «የጤፍ ምርት በአነስተኛ ይዞታ ላይ» የሚል ርእስ ውስጥ «ጤፍ» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ አልቆመም። የአማርኛን እርባታ የማያውቅ የፍለጋ ሥርዐት «የጤፍ» እና «ጤፍ» ሁለት ቃላት ናቸው ብሎ ያልፋል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች ቁልፍ ቃላትን በርእስ ውስጥ አስገቡ ሲሉ ይህን አላሰቡትም። ስለዚህ በአኅጽሮተ ጥናቱ ግርጌ የሚቀመጡት ቁልፍ ቃላት ቅጥያ የሌላቸው፣ በነጠላ ቁጥር የተጻፉ ስሞች ቢሆኑ ይመረጣል፦ ጤፍ፣ ምርት፣ ይዞታ። ይህ ለሰው አንባቢም አይከብድም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው፣ የድሮዎቹ የፊደል ሶፍትዌሮች ቅሪት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ ጽሑፎች የሚዘጋጁት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው የአማርኛ ቅርጽ በሚያሳዩ ፎንቶች ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለዐይን የጠራ አማርኛ ነው፤ ለማሽን ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድቶ በአዲስ ሰነድ ላይ መለጠፍ። የወጣው አማርኛ ካልሆነ የፍለጋ ሞተሩም የሚያየው ያንኑ ነው። ከጥራዝ በስካነር የተነሣ ጽሑፍ ደግሞ ከነጭራሹ ሥዕል ነው፤ ምንም ፊደል አይወጣውም። ለዚህ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛን ከሥዕል ማንበብ ይችላል፤ ውጤቱ እርማት ቢያስፈልገውም ምንም ካለመኖር ይሻላል። የቆዩት ጽሑፎች ሁሉ እስኪታረሙ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የርእሱና የአኅጽሮተ ጥናቱ አንድ ገጽ በዩኒኮድ ተተይቦ በገጹ ላይ ቢቀመጥ ጽሑፉ ለፍለጋ ይከፈታል።

ስለ ስምና ስለ ዘመን ባጭሩ ልናገር። የማከማቻ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» እና «የግል ስም» ይጠይቃሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ አበበ ከበደ የተባለ ተማሪ ቅጹን እንደታዘዘው ከሞላ ሥራው በአባቱ ስም ይጠቀሳል፣ የከበደ ልጆች ሁሉም በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የስም መመሳሰል ለሚያስከትለው ችግር ሲሆን ምዝገባውም ለተመራማሪው ነጻ ነው፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ቢይዘው መልካም ነው። ዘመንን በተመለከተ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የቀረበ ጽሑፍ «2012» ተብሎ ብቻ ከተሞላ ዓለም አቀፉ ማውጫ የስምንት ዓመት ያረጀ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ «ከ2018 ወዲህ» ብሎ የሚያጣራ ተመራማሪም አያየውም። በገጹ ላይ ሁለቱም ዘመን ይጻፍ፤ በማሽን መስኩ ውስጥ ግን የጎርጎርዮሳዊው፣ 2020፣ ይግባ።

ገጹ የሚሠራው በመጨረሻ ለሰው ነው። ብዙዎቻችን የምንፈልገው በስልክ፣ በገንዘብ በገዛነው ዳታ ነው። ርእሱን ሲነካ ወዲያው 40 ሜጋባይት ፒዲኤፍ ማውረድ የሚጀምር ገጽ አንባቢውን ያባርራል። አኅጽሮተ ጥናቱ በገጹ ላይ ይነበብ፣ የፋይሉ መጠን ከአገናኙ ጎን ይጻፍ፣ ከባዱ ሥራ በምዕራፍ ይከፈል። የገጹ አድራሻም አንዴ ከተሰጠ አይለወጥ። ቲም በርነርስ ሊ ይህንኑ በ1998 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር መጣጥፍ ተከራክሮበታል፤ እኛ ግን ድረ ገጻችንን ባደስን ቁጥር አሮጌውን አድራሻ እንጥላለን፣ የተጠቀሱት ምንጮችም ሁሉ ባዶ ገጽ ያሳያሉ። እግረ መንገዴን፣ አድራሻው ውስጥ የአማርኛ ርእስ ማስገባት አልደግፍም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ አድራሻው ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ «ጤፍ» ብቻውን 18 ምልክት ይሆናል። አጭርና ቋሚ ቁጥር ይሻላል። ፋይሉም «የመጨረሻ የታረመ 2» ተብሎ ባይጫን ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ቁጥር ከሥራው ጋር እንደማይመጣጠን የሚነሣው መልስ እውነት ነው። ከመቶ የማያንሱ ጽሑፎች በአንድ ወር ሲደርሱት አንድ ሠራተኛ የእያንዳንዱን አኅጽሮተ ጥናት ይተይብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ርእሱን፣ አማራጭ አጻጻፉን፣ ቅጥያ የሌላቸውን ቁልፍ ቃላትና ሁለቱን ዘመናት ከማንም በላይ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው፤ ለዚህም ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የትምህርት ክፍሎች በማስረከቢያው ጊዜ የጠርዙን ቀለምና የኅዳጉን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክተው ይመልሳሉ። ከዚያ መመዘኛ ዝርዝር ውስጥ አንድ ገጽ ይጨመር፦ በዩኒኮድ የተተየበ ገላጭ መረጃ፣ በአማካሪው የተፈረመ፣ ከፒዲኤፉ የተቀዳ አንድ መስመር አማርኛ ሆኖ መውጣቱ የታየበት። የመተኪያ ሠንጠረዡን በሶልር ላይ መጫን የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ማእከል ሥራ ነው፤ ማውጫውን እንደገና ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ ተማሪዎች በማይበዙበት በክረምቱ ወራት ቢደረግ ይሻላል።