ከምስሉ በላይ የሚጻፈው

በቀጥታ ሥርጭት ላይ ከግርጌ የሚወጣ ጽሑፍ እንደ ጌጥ መታየቱ ያሳስበኛል። ከከፋዋ ሺሺንዳ ሰርግ ወይም ለቅሶ በስልክ ሲተላለፍ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ሆና የምትከታተል ልጅ መጀመሪያ የምትፈልገው የሚናገሩት አባት ማን እንደሆኑና ከየትኛው ወገን እንደመጡ ማወቅ ነው። ቀድመው የሚመጡላት ግን የሚንሳፈፉ ልቦች፣ የሚያብለጨልጭ ክፈፍና የቪዲዮ ባለሙያው ስልክ ቁጥር ናቸው። የሽማግሌው ስም ከወጣም ለአፍታ ታይቶ ይጠፋል። ቀጥታ ሥርጭት ላይ ሰው ከመሃል ይገባል፤ ስለዚህ ስሙ በየጊዜው መመላለስ አለበት።

ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ሥራ ጠንቃቃ ሰው ይፈልጋል። «ሸ»ን ከ«ሺ» የምትለየው እግሩ ሥር ያለች አንዲት ቅጥያ ናት። ኔትወርክ ሲደክም ምስሉ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ቶሎ የሚጠፋው ቀጭን መስመር ነው። በቀጭን ፊደል የተጻፈው «ሺሺንዳ» ተመልካቹ ዘንድ ሲደርስ «ሸሸንዳ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወፍራም ፊደል፣ ከኋላው ጠቆር ያለ መደብ፣ ጥቂት ቃል። ቦታውም ይታሰብበት። ለቴሌቪዥን የሚመቸው የታችኛው ጠርዝ ቲክቶክ ላይ በአስተያየቶች ይሸፈናል፤ ለስልክ ሲሆን ጽሑፉ ከፍ ማለት አለበት።

ኦቢኤስ በነጻ የሚገኝ የቀጥታ ሥርጭት ፕሮግራም ነው፤ የግዕዝ ፊደልም በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ከዩኒኮድ በፊት በነበረው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተዘጋጀ ጽሑፍ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ የሰው ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የተቀረጸ ቪዲዮ ቢሆን ኤዲት ላይ ይታረማል። ቀጥታ ሲሆን ግን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አይቶታል። ተቀምጦ የቆየ የድሮ ዲዛይንም ያው አደጋ አለው፤ ከፋን የያዘው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው «ደቡብ ክልል» እያለ መቀጠሉ አይቀርም።

ስለ ቋንቋውም ዝም ማለት አልችልም። የከፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊ ኖኖ ነው። አንድ አባት በካፊ ኖኖ ሲመርቁ ከሥር የሚወጣው «በአገሩ ቋንቋ እየመረቁ ነው» የሚል ከሆነ፣ ይህ አባትየውን ዝም እንደማሰኘት ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ኪቦርዱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቃል በቃል ማሳደድ አያስፈልገውም፤ ምርቃቱ አረፍ ባለ ቁጥር ፍሬ ነገሩን በአንድ መስመር አማርኛ ይጻፍ። ከአገር ውጭ ተወልደው ቋንቋው ያመለጣቸው የልጅ ልጆችም ይከተላሉ።

ወደ ኢፌክቱ ልምጣ። ከፋ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የደን አገር ነው፤ እዚያ ከአረንጓዴ መሸሽ ከባድ ነው። የጀርባ መቀየሪያው ኢፌክት ደግሞ የሚሠራው አንድን ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴን፣ ከምስሉ እያወጣ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ በተዘረጋበት ስቱዲዮ ቡና ሲፈላ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ከነቀለሙ ይጠፋል፣ ረከቦቱ አየር ላይ ይቀራል፣ የእንሰት ቅጠል ቢቀርብ በቅጠሉ ልክ የተቀደደ ቀዳዳ ይታያል፣ በቀዳዳውም የሌላ አገር ተራራ። ሰማያዊ ጨርቅ መዘርጋት ነገሩን ያቀለዋል። እኔ ግን ጀርባው ባይቀየር እመርጣለሁ፤ የቤቱ ግድግዳና የሺሺንዳ ጓሮ እኮ ተመልካቹ ሊያያቸው የናፈቃቸው ናቸው። ፊት የሚያነጣውና የሚያለሰልሰው ፊልተርም እንደዚሁ ይጥፋ። የእናቷን መሸብሸብ ማየት ለፈለገች ልጅ የተለሰነ ፊት ሊቀርብላት አይገባም።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የሒሳብ ቁጥር ነው። ለታመመ ወይም ቤቱ ለተቃጠለበት ወገን መዋጮ ሲሰበሰብ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይለጠፋል። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አኃዝ አለው፤ አንዱ ከተሳሳተ ብሩ ካሰቡት ሰው አይደርስም። የሌላውን ሥርጭት ቀድቶ በራሱ ቁጥር የሚሸፍን አጭበርባሪም አይጠፋም። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የሒሳቡ ባለቤት ሙሉ ስም ይጻፍ፤ ገንዘብ ላኪውም በባንኩ መተግበሪያ ላይ የሚወጣለትን ስም ከእሱ ጋር አስተያይቶ ይላክ። ቁጥሩ ስክሪኑን እያቋረጠ ከሚሮጥ ቆሞ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የሚሮጥ ቁጥር መገልበጥ ያሳስታል።

ሰርግና ለቅሶ የምታስተላልፉ ባለሙያዎች፣ ከቤተሰቡ ጋር ስትስማሙ ስለ ካሜራው ብዛት ብቻ አትነጋገሩ። የሚናገሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር ቀደም ብላችሁ ተቀበሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ጊዜ ስለሌለ ከድንኳኑ ሥር ካሉት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። የጻፋችሁትንም ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ለቤተሰቡ አሳዩ፤ ስማቸውን ከእናንተ የበለጠ እነሱ ያውቁታል።