የፊዚክስ መምህር ልታደርጉት ከሆነ

ወንድሞቼ፣ እዚህ ጁባ፣ ጀበል ሰፈር፣ ቆርቆሮ ሥር ተቃጥለን ያጠራቀምናት ገንዘብ ለልጅ ትምህርት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅር ቢላችሁም እናገራለሁ። ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ፣ «ልጄ የፊዚክስ መምህር ልሁን አለኝ፤ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ጠቁመኝ» አለ። እኔም ያጠፋሁት ስም ብዬ ነው።

የወንድሜን ልጅ ጎረቤት አገር ካለ አንድ ኮሌጅ አስገባሁት። የሕንፃውን ፎቶ ልከውልኝ አምሮኝ ነበር። ከፋዩ እኔ፣ አንድ ቀን ሄጄ ያላየሁትም እኔ። ለካ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጠፍቶ» ኖሯል! ልጁ ሙከራውን ሁሉ የሠራው ወረቀት ላይ ነው። ተማሪ ፊት ቆሞ የተለማመደው ሁለት ሳምንት ብቻ። ተቀጥሮ በወሩ አንድ ተማሪ፣ «ሁለት አምፖል ተከታትለው ሲታሰሩ ብርሃናቸው ለምን ይደክማል?» አለው። ቀመሩን ጻፈ። ተማሪው አልገባኝም አለ። ያንኑ ቀመር ደግሞ ጻፈ። እዚህ ሰፈራችን ሶላር የሚገጥመው ጎረምሳ በሽቦና በባትሪ አሳይቶ ይገላግለው ነበር። የወንድሜ ልጅ በዓመቱ ማስተማሩን ተወ፤ በእርሱ አልፈርድም።

ፊዚክስ ማወቅና ፊዚክስ ማስተማር ለየብቻ ናቸው። ለዚህም ነው አገር ቤት ኢትዮጵያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ ይይዝ፣ ከዚያ የማስተማር ዲፕሎማ ይጨምር ተብሎ ነበር። ልጃችሁ የሚገባበት ፕሮግራም የማስተማር ሥልጠናውን አብሮ ይሰጣል ወይስ ከምረቃ በኋላ ሌላ ጊዜና ክፍያ ይጠይቃል? ይህን ሳታጣሩ አትመዝግቡ። ኢትዮጵያ ከሆነም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። በዚያው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጃችሁን የሚጠብቀው ክፍል እንዲህ ያለ ነው፤ በቀመር ብቻ አይገፋውም።

«እዚሁ አጠገቤ ይማር» የምትሉም አላችሁ፤ አልቃወምም። ጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተ፣ መምህራንንም የሚያሠለጥን ነው። ግን ጦርነት ወደ ካርቱም አሰድዶት ብዙ ዓመት እዚያ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ተኩሱ እዚሁ ጀበል ሲወርድ ከእኛ ስንቱ ነው ሰነዱን ጥሎ የሮጠው? የልጁን ትራንስክሪፕት በየሴሚስተሩ አውጡ፤ አንዱን ቅጂ አገር ቤት አስቀምጡ። ነገ ኢትዮጵያ ገብቶ ላስተምር ቢል የአቻ ግምት ይጠየቃል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያንን ትምህርት ቤት ይቀበለው እንደሆነ ዛሬውኑ አስጠይቁ፤ ከምረቃ በኋላ መጠየቅ ለልቅሶ ነው።

አገር ቤት መምህርነት ምደባ የጣለበት ሰው ሥራ ሆኖ ቆይቷል። የእናንተ ልጅ ግን ወዶ መረጠው፤ ይህን ፍላጎቱን እንደ እኔ በፎቶ አትግደሉበት። ገንዘቡን ባንክ ከማስገባታችሁ በፊት ራሳችሁ ሂዱ፣ ካልቻላችሁ ዘመድ ላኩ። ቤተ ሙከራውን ክፈቱልኝ በሉ። ቁልፉ ጠፍቷል ካሏችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።