የዓይን ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት

በዛሬው እትም የማነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን ቀላል ስለመሰለን ብዙም ያልተነጋገርንበት ነው። ዓይናችሁ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራችኋል? ወደ ማታ ይቃጠላል፣ ይቀላል? ስታነብቡ ፊደሉ ደብዘዝ ይልና ዓይናችሁን ስታርገበግቡ መልሶ ይጠራል? ይህ ነገር ወራት ካስቆጠረ የዓይን ድርቀት ሊሆን ይችላል።

“እንባዬ እየወረደ እንዴት ዓይንሽ ደርቋል ትይኛለሽ?” የምትል እህት አትጠፋም። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ዓይንን የሚያለሰልሰው እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥሩ እንባውን ከዓይን ጋር የሚያጣብቅ ንፍጥ መሰል ነገር፣ ከመካከል ውኃ፣ ከላይ ደግሞ ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚሸፍን ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ የሚመነጨው በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ዓይን ይደርቃል። የተቆጣው ዓይን ታዲያ ብዙ እንባ ያመነጫል፤ ይህ እንባ ግን ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በበጋ ወራት የሶዶ አቧራና ነፋስ፣ የእንጨት ምድጃ ጭስ፣ ስልክ ላይ ሳያርገበግቡ ማፍጠጥ፣ የዕድሜ መግፋት፣ በተለይ ለእኛ ለሴቶች የወር አበባ መቋረጥ ድርቀትን ያመጣሉ። የስኳር ሕመምና አንዳንድ የመገጣጠሚያ በሽታዎችም እንዲሁ። ለአለርጂ የሚሰጡ ኪኒኖችና ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ዓይንን ሊያደርቁ ይችላሉ። ከእነዚህ የምትወስዱት ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡት።

በእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005/06) በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከ100 ውስጥ 40 ያህሉ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል፤ ሆኖም በልጅነት ደጋግሞ የያዘው በሽታ ጠባሳው በዓይን ቆብ ውስጥ ይቀራል። ጠባሳው እንባ የሚያመነጩትን ክፍሎች ስለሚጎዳ ዓይንን ያደርቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጸጉሩ የዓይኑን ብሌን ሲፍቅ ነው። ይህ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በሽታው ካለባቸው ሕፃናት ጋር አብረን የምንውለው እኛ ነንና። በወረንጦ እየነቀሉ መኖር ለጊዜው ያሳርፍ ይሆናል፤ ጸጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። የታጠፈ ቆብ መፍትሔው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ የትኛውም ጠብታ አያቃናውም። ስለዚህ ዓይናችሁ የሚቆረቁራችሁ ሁሉ መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ቆቡን ገልብጦ ይይላችሁ።

ሐኪሙ ድርቀት ነው ካለ፣ የሚፈለገው ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ነው። በብልቃጡ ላይ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚል ስም ፈልጉ። ዋጋው የተወደደው ይሻላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 43 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ አንዱ ዓይነት ከሌላው በግልጽ ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ አቅማችሁ ከሚፈቅደው ጀምሩ፤ ለጥቂት ሳምንታት በትክክል ተጠቀሙበት፤ ካልተስማማችሁ ሌላውን ሞክሩ። ቀጠን ያለው ለቀን ይመቻል። ወፈር ያለው ጄል ወይም ቅባት እይታን ስለሚያደበዝዝ ለመኝታ ሰዓት ይሁን።

አንድ ተጨማሪ ነገር ተመልከቱ። ብዙዎቹ ብልቃጦች ጀርም እንዳያድርባቸው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ማቆያ አላቸው። ይህ ማቆያ ሲበዛ ራሱ ዓይንን ይቆጣል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ማድረግ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማቆያ የሌለበትን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ልምጣ። መድኃኒት ቤት ገብተን “ዓይኔን ያመኛል፣ ጠብታ ስጡኝ” ስንል የሚሰጠን ሁሉ ለድርቀት አይደለም። ክሎራምፌኒኮል፣ ጄንታማይሲንና ቴትራሳይክሊን ጀርም ለመግደል እንጂ ለድርቀት አልተሠሩም። ናፋዞሊን ያለባቸው መቅላት አጥፊ ጠብታዎች ደም ሥሩን ለሰዓታት አጥብበው ዓይኑን ያነጡታል፤ ሲተዋቸው ግን መቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለበት የስቴሮይድ ጠብታ ነው። አንዳንዱ ከጀርም ገዳይ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ሰው ልብ አይለውም። ጠብ ሲደረግ ዓይን ወዲያው ይበርዳል፣ ይነጣል፤ “ይሄ መድኃኒት እጅ ነው!” ያሰኛል። ከዚያ ሰው ባለቀ ቁጥር ያንኑ ይገዛል፣ ለጎረቤትም ይመክራል። በውስጥ ግን የዓይን ግፊት ሳይሰማ ሊጨምር ይችላል። ይህ ግላኮማ ነው፤ አያምም፣ አያቀላም፤ እይታን ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይሰርቃል፤ የወሰደውንም አይመልስም። የዓይን ሞራም ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጠብታ ሐኪም አዝዞት፣ ግፊቱን እየለካ ሲከታተል መልካም መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣ ግን እጃችሁ አይግባ።

ትክክለኛውን ጠብታ ከገዛችሁም በኋላ አያያዙ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በጀርም የተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎችን በኢንፌክሽን አጥቅቶ፣ 14ቱ የማየት ችሎታቸውን ሲያጡ 4ቱ ሞተዋል። እዚያ ጀርሙ የመጣው ከፋብሪካ ነበር፤ በእኛ ቤት ደግሞ በእጃችን ልናስገባው እንችላለን። ስለዚህ እሽጉ ያልተነካና ጊዜው ያላለፈ መሆኑን እዩ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የብልቃጡን ጫፍ ዓይን አታስነኩ፤ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ከዚያም ዓይናችሁን ለ1 ደቂቃ ያህል ጨፍኑ። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ የተለየ መመሪያ ከሌለው 28 ቀን ሲሞላው የተረፈውን ጣሉ። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ነው፤ ባልና ሚስት እንኳ አይጋሩት። የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂና ምራቅ ዓይን ውስጥ አይግቡ።

ስለ ልጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁ ሲመሽ እየተደናበረ ዕቃ የሚረግጥ ከሆነ ዳፍንት ሊሆን ይችላል። ይህ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ እጥረቱ ዓይንን ያደርቃል፣ ሲብስም ያሳውራል። ሰው ሠራሽ እንባ አያድነውም፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል አይለፋቸው። ወላይታ የስኳር ድንች አገር ነው፤ ነገር ግን ነጩ ቫይታሚን ኤ እምብዛም የለውም። ኩልፎ እንደሚባለው ያለ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን በጓሯችሁ ትከሉ።

ባሎች ሆይ፣ ይህ ዓምድ ለእናንተም ነው። የሚስትህን ዓይን ቀልቶ ስታየው “ጭስ ነው” ብለህ አትለፈው። ጭስ ከሆነ ለማእድ ቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ መሥራት የአንተ ድርሻ ነው። ለጠብታው ገንዘብ ስትጠይቅህ እንደ ቅንጦት አትቁጠርባት። ምሽት ላይ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብታቆዩ የቆቡ ቅባት ይለሰልሳል፤ ይህንን እርስ በርስ ብትረዳዱ ምንኛ መልካም ነው!

ነገር ግን ብርቱ ሕመም ካለ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ እይታ ከቀነሰ፣ መግል ከወጣ ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ጠብታ እየቀያየራችሁ ቀን አትቁጠሩ። ከአረካም ሆነ ከቦዲቲ፣ ከሁምቦም ሆነ ከሶዶ፣ በዚያው ዕለት በአቅራቢያችሁ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሂዱ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያሉትን የዓይን መድኃኒቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ስማቸውን አንብቡ። የቆየውን ጣሉ፤ የማታውቁትን ይዛችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ዴክሳሜታዞን የሚል ካገኛችሁ፣ ማን እንዳዘዘውና ስንት ጊዜ እንደተገዛ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ካለም የዓይን ግፊቱን ሳይለካ አይክረም።