ስለ እራቱ ሳምቡሳ
ባለፈው ዓመት በማኅበራችን እራት ላይ ከዋናው ምግብ አስቀድሞ የቀረበውን ሳምቡሳ የቀመሰ አይረሳውም። ጠዋት የተጠበሰ ስለ ነበረ ሊጡ ረስርሶ ዘይቱ ከጣት አልለቅ ብሎ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ሲሆን ውስጡ ሥጋ ነበረበትና ጾመኞቹ ጓደኞቻችን ውሃ እየጠጡ ያዩን ነበር፤ ሙስሊሞቹም ማን እንዳረደው ሳያውቁ አልነኩትም።

ዘንድሮ በበሩ አጠገብ ከሚጠብሱት እናቶች የምስር ሳምቡሳ ይገዛ እንላለን። እነርሱ የተቀቀለውን ምስር አጥልለው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው ይጨምሩበታል፤ ዘይቱ ሳይግል አንዲት አይከቱም። በረመዳን ማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየበሉ ያደጉት የሐረርና የድሬዳዋ ልጆች ሳይቀሩ አመስግነውታል፤ በዚህ ነገር እነርሱን የሚያህል ዳኛ የለም።

ኮሚቴው «የመንገድ ዳር ምግብ ለመምህራን አይቀርብም» ይላል። መምህራኑ ግን በአሥር ሰዓት ከእኛ ጋር ተሰልፈው ሲገዙ እናያለን! እናቶቹ መጥበሻቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ጓሮ ይምጡ፤ ሳምቡሳውም እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ይጠበስ። ሒሳባቸውም በዚያው ምሽት ይከፈላቸው።